የባላገር ሸማ፣ የንጉሥ ልብስ

ስኮትላንዳዊ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና ድቅን የሚለው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ጉልበቱ ላይ የሚደርስ ቀሚስ መሰል ልብስ የታጠቀ፣ ረጅም ካልሲ ያጠለቀ፣ አቅማዳ የሚመስል የሙዚቃ መሣሪያ ብብቱ ሥር ወሽቆ ጉንጩን ነፍቶ የሚነፋ ጎልማሳ። የልብሱ ስም ኪልት ነው። ጨርቁ ደግሞ ታርታን ይባላል፤ ቀይና አረንጓዴው፣ ሰማያዊና ጥቁሩ መስመር እየተጠላለፈ አራት ማዕዘን የሚሠራበት የሱፍ ጨርቅ። የብስኩት ቆርቆሮ ላይ፣ የውስኪ ካርቶን ላይ፣ የተማሪ ቀሚስ ላይ፣ የሻርፕ ጫፍ ላይ እናየዋለን። «ቼክ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ይህ ጨርቅ ሰው የታሰረበት፣ ንጉሥ የተሽቆጠቆጠበት፣ የታሪክ ምሁራን የተጣሉበት ጨርቅ ነው። የእርሱን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ለመሆኑ ጨርቁ የማን ነው? ስሙን የሰጠው የጎሳ አለቃ ነው? ለብሶት የታየው ንጉሥ ነው? በጅምላ የሸጠው ነጋዴ ነው? ወይስ ሱፉን ፈትላ፣ ቀለሙን ነክራ፣ ድሩን ያደራችው የገጠር ሴት? ጥያቄው የስኮትላንዶች ብቻ አይመስለኝም። ባህል ሲከበር ባህሉን በእጁ የሠራው ሰው የት ቦታ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ የትም አገር አለ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ትንሽ እንበል። ሸማኔ ሠፈር ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የእኛ ሸማ መሐሉ ነጭ ነው፤ ቀለም የሚጫወትበት ጥለቱ ላይ ነው። ታርታን ግን ከዳር እስከ ዳር ጥለት ነው ማለት ይቻላል። ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ በቀለምና በቁጥር ነው፤ ሃያ ክር አረንጓዴ፣ አራት ክር ጥቁር፣ ስድስት ክር ቀይ እያለ ይሄዳል እንበል። ማጉን ሲወረውርም ያንኑ ቅደም ተከተልና ያንኑ ቁጥር ይጠብቃል። አረንጓዴ ድር ከአረንጓዴ ማግ ጋር የተገናኘበት ቦታ ላይ ጥርት ያለ አረንጓዴ ይወጣል። አረንጓዴው ከቀዩ ጋር የተገናኘበት ቦታ ላይ ግን ሁለቱ ተቀላቅለው ሦስተኛ መልክ ይሰጣሉ። ስለዚህ በሁለት ቀለም 3 መልክ፣ በሦስት ቀለም 6፣ በስድስት ቀለም 21 መልክ ይገኛል። ማጉ ሁለት ድር ዘሎ በሁለት ድር ሥር እያለፈ በየረድፉ አንድ ክር ፈቀቅ ስለሚል ደግሞ ጨርቁ ላይ ሰያፍ መስመር ይታያል። ዓይን የሚያየው ቀለም ነው፤ እጅ የሚሠራው ግን ሒሳብ ነው። አንዲት ክር ድሩ ላይ ያለቦታዋ ከገባች ስህተቷ እስከ ጨርቁ መጨረሻ ትከተላለች።

ይህ ጥበብ መቼ ተጀመረ? በ1933 ፎልከርክ በምትባለው ከተማ፣ ሮማውያን በደቡብ ስኮትላንድ ካቆሙት የአንቶናይን ግንብ አጠገብ፣ አንድ የሸክላ ማሰሮ ከመሬት ወጣ። ውስጡ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ የሮማ የብር ሳንቲሞች ነበሩ። አፉን የደፈነው ቁራጭ ጨርቅ ነበር፤ ቀለም ያልነካው፣ ነጣ ያለና ጠቆር ያለ የበግ ፀጉር ተጠላልፎ አራት ማዕዘን የሠራበት። ዕድሜው ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛ አገር ስሙ የታወቀው ጄምስ ብሩስ፣ ጎንደር ድረስ መጥቶ የዓባይን ምንጭ የፈለገው ሰውዬ፣ የተወለደባት ኪናርድ ከዚያች ከተማ የጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ ናት። ብሩስ በልጅነቱ ሲሮጥበት ከነበረው አገር አፈር ሥር፣ ከሺህ ዓመታት በላይ የቆየ የሸማኔ ሥራ ሳንቲም ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ያ ገና የታርታን አያት ነው። ቀለም የተነከረው፣ ዛሬ ታርታን የምንለው ጨርቅ ደግሞ ከሰሜን ተራራማው አገር፣ ከሃይላንድ ረግረግ ወጣ። ግሌን አፍሪክ በሚባል ሸለቆ አቅራቢያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተገኘ አንድ ብጣሽ ነው። ረግረጉ አየር ስለማያስገባ ጨርቁ ሳይበሰብስ ቆይቷል። በ2023 ውጤቱ ይፋ በሆነው ምርመራ ዕድሜው ከ1500 እስከ 1600 ባሉት ዓመታት ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ተገመተ፤ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም አሁንም ይታይበታል፣ የፋብሪካ ቀለም የሚባል ነገርም አልተገኘበትም። እስከ ዛሬ በስኮትላንድ ከተገኙት ሁሉ እጅግ ጥንታዊው እውነተኛ ታርታን የተባለው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ደንዲ ከተማ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ታየ። የተገኘው የንጉሥ ካባ አይደለም። የሥራ ልብስ ሳይሆን አይቀርም ነው ያሉት መርማሪዎቹ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ማርቲን ማርቲን የሚባል የስካይ ደሴት ተወላጅ በ1703 ስለ ምዕራባዊ ደሴቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ስለ ሽመና የጻፈው አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከብዙ ጥራዝ ይበልጣል። ሴቶቹ የጥለቱን ልክ ላለመሳት እጅግ እንደሚጠነቀቁ፣ የእያንዳንዱን መስመር የክር ቁጥር በእንጨት ላይ ምልክት አድርገው እንደሚይዙ ይናገራል። በዚያ ላይ ጥለቱ ከደሴት ደሴት፣ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ብዙ ቦታ የዞረ ሰው የአንዱን ልብስ አይቶ አገሩን መገመት እንደሚችል ይጨምራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አገሩን ነው ያለው ማርቲን፤ ጎሳውን አላለም። ይህ ልብስ የእከሌ ዘር፣ ያ ልብስ የእነ እከሌ የሚል ነገር በጽሑፉ የለም። ጥለት የሚለያየው በየሸለቆው ያለችው ሸማኔ፣ በአቅራቢያዋ የሚበቅለው የቀለም ተክልና ከእናቷ የወረሰችው የእንጨት ምልክት ስለሚለያይ ነው። አንዷ ጋ ድንጋይ ላይ ከተጣበቀ ቅርፊት መሰል ነገር እየፋቁ ቀልተው የሚያዩት ቡናማ ይወጣል፤ ሌላዋ ጋ ከተራራው ቁጥቋጦ ቢጫ ይገኛል። ልብሱ የመሬቱን መልክ ይዞ ይወጣ ነበር ብንል አልተጋነነም።

ሥራው የጋራ ነበር። ሱፍ ማበጠር፣ መፍተል፣ ማቅለም የቤት ሴቶች ሥራ ነው። ተሸምኖ ሲያበቃ ጨርቁ ስለሚሳሳ መወቀር አለበት። ስለዚህ የሠፈሩ ሴቶች በረጅም ሳንቃ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጨርቁ በቆየ ሽንት ይነከራል። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ ያን ጊዜ ሽንት የደሃ ሳሙና፣ የቀለምም ማጣበቂያ ነበር። ከዚያ በእጃቸው እየመቱ፣ እየገፉ፣ ወደ ጎን እያሳለፉ ያዞሩታል። ምቱ እንዳይፋለስ ይዘፍናሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ልክ በእኛ ደቦ ላይ እንደሚሆነው። በዘፈኑ መሐል የዚያችን ኮረዳ ወዳጅ ስም እያነሡ ያሽሟጥጧታል። በጌሊክ ቋንቋ ያሉት እነዚህ የሥራ ዘፈኖች ሥራው ራሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲቀር አልጠፉም። በ1951 ኤዲንበራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ባለሙያዎች ከአሮጊቶች አፍ እየቀዱ አስቀመጧቸው።

የሚወጣው ጨርቅ ምን ይሆናል? ያን ጊዜ የተሰፋ ኪልት የሚባለው ገና አልተስፋፋም። ወንዱ የሚለብሰው ብዙ ክንድ ርዝመት ያለው አንድ ጨርቅ ነበር፤ ወገቡ ላይ በቀበቶ ይታጠቀዋል፣ የቀረውን ትከሻው ላይ ይጥለዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይከናነበዋል፣ ማታ ሜዳ ላይ ሲያድር ይጠቀለልበታል። ጋቢ ለባሽ የሆነ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቀን ልብስ፣ ማታ ብርድ ልብስ።

ይህ የእረኛና የገበሬ ጨርቅ የመንግሥት ጠላት የሆነው በ1746 ነው። የስቱዋርት ዘር የሆነው ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ የአባቱን ዘውድ ለማስመለስ ተነሥቶ፣ ብዙ የሃይላንድ ጎሳዎችን አስከትሎ፣ ኤፕሪል 16 ቀን ኩሎደን ሜዳ ላይ ተሸነፈ። የለንደን መንግሥት ሽንፈቱ ብቻ አልበቃውም። በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ከወታደር በቀር ማንኛውም ወንድ፣ ሕፃን ልጅም ሳይቀር፣ የሃይላንድ ልብስ እንዳይለብስ ከለከለ። የመጀመሪያው ጥፋት ቅጣት ስድስት ወር እስር ነው። የደገመ ደግሞ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው፤ 36 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ብሩስ ጎንደር ቤተ መንግሥት ገብቶ በወጣበት በ1770 እና በ1771፣ በገዛ አገሩ ሰሜን አንድ እረኛ አያቱ የሸመነችለትን ሸማ ቢደርብ ወህኒ ይወርድ ነበር።

ሕጉ ሴቶችን አልነካም፤ ሽመናውንም በስም አልከለከለም። ቢሆንም ለባሽ የሌለው ጨርቅ ምን ይሆናል? አንድ ትውልድ በሱሪ አደገ። የክር ቁጥር የተመዘገበባቸው እንጨቶች ምን እንደሆኑ መገመት አይከብድም። የቤት ውስጥ እንጨት፣ አገልግሎት ካጣ፣ እሳት ነው የሚጠብቀው።

የሚገርመው ያ «ከወታደር በቀር» የሚለው ቃል ነው። ታርታን መልበስ የፈለገ የሃይላንድ ወጣት አንድ በር ብቻ ተከፍቶለታል፤ አያቶቹን ባሸነፈው ንጉሥ ጦር ውስጥ መቀጠር። እንዲህ እየሆነ ታርታን በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ዓለምን ዞረ። ወደ እኛም ደጃፍ ደርሷል። በ1941፣ በእኛ በ1933 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ጣሊያን ከምሥራቅ አፍሪካ ሲባረር ከረን ላይ ከተዋጉት መካከል ካሜሮን ሃይላንደርስ የሚባለው ሬጅመንት ሁለተኛ ሻለቃ ነበር። የያዙት ተረተር እስከ ዛሬ በጦርነት ታሪክ መጻሕፍት ካሜሮን ሪጅ ተብሎ ይጠራል። ያን ጊዜ ኪልት ለውጊያ መልበስ ቀርቶ ነበር እንጂ፣ የሬጅመንቱ ታርታን ግን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሱ ነበረው።

ክልከላው ሲነሣ ጨርቁ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ? አልተመለሰም። ወደ ገበያ ሄደ። በቆላማው ስኮትላንድ ባኖክበርን በምትባል መንደር የዊልሰን ቤተሰብ የሽመና ድርጅት ከ1765 አካባቢ ጀምሮ ታርታን ለጦሩ በገፍ ያቀርብ ነበር። የዚህ ድርጅት የ1819 መዝገብ ከ200 በላይ ጥለቶችን ከነክር ቁጥራቸው ይዟል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ወይም የከተማ ስም ነበራቸው። ገዢው «የዘሬን ጥለት» ሲል ግን ነጋዴ እንዴት የለም ይላል? የታሪክ ምሁሩ ሂዩ ትሬቨር-ሮፐር በ1983 እንደጻፈው፣ ለአንድ የማክፈርሰን ጎሳ አለቃ «የማክፈርሰን» ተብሎ የተሰጠው ጥለት፣ ቀደም ሲል አንድ ኪድ የተባለ ሰው በካሪቢያን ላሉት ባሪያዎቹ ማልበሻ በጅምላ ገዝቶት «ኪድ» ይባል የነበረ ነው። ከዚያም በፊት «ቁጥር 155» ብቻ ነበር።

ገበያውን ያጋጋለው የ1822 በዓል ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በዚያ ዓመት ኦገስት ኤዲንበራን ጎበኘ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዘውድ ላይ ያለ ንጉሥ ስኮትላንድን ረግጦ አያውቅም። የአቀባበሉ ደጋሽ ልብ ወለድ ጸሐፊው ዋልተር ስኮት ነበር። እርሱም የጎሳ አለቆች ሁሉ ተከታዮቻቸውን አስከትለው፣ በታርታን ተሸልመው እንዲመጡ አዘዘ። ንጉሡ ራሱ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ ቀይ ታርታን ኪልት ከነሮዝ ታይቱ ለብሶ ወጣ። ለልብሱና ለጌጡ ከ1,300 ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል። የቅድመ አያቱ መንግሥት ያሳሰረበትን ልብስ የልጅ ልጅ ልጅ አጌጠበት። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» የሚለው ተረታችን ለዚህ ቀን የተተረተ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ጎሳ ሁሉ የራሱ ታርታን ይኑረው ተባለ። በ1842 ደግሞ የልዑል ቻርልስ የልጅ ልጆች ነን የሚሉ ሁለት ወንድማማቾች ከጥንት የብራና ጽሑፍ ያገኘነው ነው ብለው የጎሳ ታርታኖችን የያዘ ውብ መጽሐፍ አሳተሙ። ብራናውም ዘሩም የፈጠራ ነበር። ሆኖም ከመጽሐፉ የተወሰዱ በርካታ ጥለቶች ዛሬም «የአባቶቻችን» ተብለው በሠርግ ቀን ይለበሳሉ።

የዚህ ሁሉ ዘመን ጠባይ በአንድ ሰው ላይ ተጠቃሎ ይታየኛል። የግሌንጋሪው አለቃ አላስተር ማክዶኔል ይባላል። ሬበርን የተባለው ታላቅ ሠዓሊ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በታርታን አሸብርቆ የሣለው ሰው ነው፤ ሥዕሉ ኤዲንበራ በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤት አለ። በ1815 «የእውነተኛ ሃይላንዶች ማኅበር» አቋቁሞ፣ ለልብሱና ለባህሉ ጠበቃ እኔ ነኝ ይል ነበር። በ1822ቱ በዓል ላይም ሳይጋበዝ ፈረሱን እየጋለበ ንጉሡ ፊት ቀርቧል። ይኸው ሰውዬ ግን መሬቱን ለበግ አርቢዎች እያከራየ ገበሬዎቹን ከቤታቸው ያስነሣ ነበር። ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የግሌንጋሪ ሰው በመርከብ እየተጫነ ካናዳ ወረደ። ኦንታርዮ ውስጥ ዛሬም ግሌንጋሪ የሚባል አውራጃ አለ። ሸለቆው ባዶ ቀረ፤ ስሙ ባሕር ተሻገረ።

እርሱ ብቻውን አልነበረም። በሰሜን ጫፍ ባለው ሰዘርላንድ ከ1814 እስከ 1819 ባሉት ዓመታት ስትራዝኔቨር የሚባለው ሸለቆ እየተቃጠለ ተለቅቋል። ቁጥሩን እናያይዘው። ንጉሡ በታርታን የታየው ይህ ከሆነ በሦስተኛው ዓመት ነው። ልብሱ ከተማ ላይ ሲነግሥ፣ ልብሱን የሠራው ሕዝብ ከአገሩ እየተነቀለ ነበር። ስለ ባህል መከበር ሲወራ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። በግ ሲገባ ሸማኔዋ ወጣች፤ የሚቀርበው ሱፍ በዛ፣ የሚፈትለው እጅ ጠፋ።

ትሬቨር-ሮፐር በዚያ ጽሑፉ ነገሩን ሁሉ «የተፈለሰፈ ባህል» አለው። ብዙ ስኮትላንዳዊ ተቆጣበት። እኔ ስለ ጎሳ ዝርዝሩ እውነቱን ተናግሯል ባይ ነኝ። ነገር ግን ሐሰቱ ስሙ ላይ እንጂ ጨርቁ ላይ አይደለም። ግሌን አፍሪክ ረግረግ ውስጥ የተኛው ብጣሽ የማንንም ጎሳ ስም አልያዘም፤ ሽመናው ግን እውነተኛ ነው። ማርቲን ያየው የእንጨት ምልክት ከነጋዴው መዝገብ በመቶ ዓመት ይቀድማል። የተፈለሰፈው የባለቤትነት ወረቀቱ ነው። ጥበቡ ግን ከወረቀቱ በፊት ነበረ፤ ባለቤቱም ገጠሩ ነው።

ታዲያ ገጠሩ ጥበቡን መልሶ የያዘበት ቦታ የለም? አለ። ከስኮትላንድ ምዕራብ፣ አትላንቲክ መሐል ያሉት የሃሪስና የልዊስ ምድር ናቸው። የሃሪስ ሰዎች ከመሬት መነቀልን ያውቁታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ከምዕራቡ ለም ዳርቻ ተነሥተው ወደ ምሥራቁ ድንጋይ ተገፍተዋል፤ እዚያም በዓለት መሐል አፈርና የባሕር አረም እየቆለሉ ድንች ተከሉ። በ1846 ድንቹን በሽታ መታው፣ ረሃብ ገባ። በዚያ ክፉ ዓመት የመሬቱ ባለቤት ሚስት የነበረችውና ባሏ የሞተባት ሌዲ ዳንሞር፣ የቤተሰቧን የመሪ ታርታን በአገሬው ሸማኔዎች በወፍራም ሱፍ አሠራች። ማሪዮንና ክርስቲና ማክላውድ የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች ፔይዝሊ ከተማ ሄደው ሽመና ተምረው መጡ፤ «የፔይዝሊ እኅቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ሴትዮዋ ጨርቁን ለመኳንንት ወዳጆቿ አስተዋወቀች። አዳኞች ወደዱት፤ ዝናብ ይችላል፣ እሾህ አይቀድደውም። ሃሪስ ትዊድ የሚባለው ጨርቅ ገበያ የወጣው እንዲህ ነው። ከታርታን ጥለት ተነሥቶ ወደ ሌላ የሄደ ዘመድ በሉት።

አባቴ አንድ እንዲህ ያለ ኮት ነበራቸው፤ ከሰው የተሰጠ። ለእኛ ለልጆቹ «የማያልቀው ኮት» ነበር። በውስጡ ኪስ በኩል አንድ ምልክት ተሰፍቶበታል፤ እንደ ምድር ክብ፣ አናቱ ላይ መስቀል። የምልክቱን ነገር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ሳነብ ነው። ገበያው ሲደራ አስመሳይ ፋብሪካዎች መጡና ደሴተኞቹ ማኅበር አቋቁመው በ1910 ይህን ምልክት በሕግ አስመዘገቡ። በ1993 ደግሞ የብሪታንያ ምክር ቤት ራሱን የቻለ ሕግ አወጣ። ሃሪስ ትዊድ ማለት ሱፉ በምዕራባዊ ደሴቶች የቀለመና የተፈተለ፣ ደሴተኛው በገዛ ቤቱ በእጅ የሸመነው፣ እዚያው የተጠናቀቀ ጨርቅ ነው ይላል ሕጉ። በገዛ ቤቱ የሚለውን ልብ በሉ። ለንደን ቁጭ ያለ ባለሀብት መቶ ሸማኔ አንድ አዳራሽ ውስጥ አጉሮ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። የ1746ቱ ሕግ ሰውን ከጨርቁ ለየ፤ የ1993ቱ ሕግ ጨርቁን ከሰውና ከቦታው እንዳይለይ አሰረ።

ዛሬም እዚያ ሸማኔው ከቤቱ ጎን ባለች ጎጆ ውስጥ በእግሩ እየረገጠ በሚያንቀሳቅሰው ማሽን ይሸምናል። ድሩና ማጉ ከፋብሪካ ይመጣለታል፣ ሸምኖ መልሶ ይሰጣል፣ በመሐል በጎቹን ያያል። በ2004 ናይኪ የተባለው የስፖርት ጫማ ኩባንያ ሉስከንታየር በምትባል መንደር የሚኖረውን ዶናልድ ጆን ማካይን ለጫማ የሚሆን ትዊድ አዘዘው። ትእዛዙ ከ9 ሺህ ሜትር በላይ ነበር። አንድ ሰው በአንዲት ጎጆ ውስጥ የሚችለው አልነበረምና ሌሎች ሸማኔዎችም ተካፈሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ሉስከንታየር እኮ ያኔ ነዋሪዎቿ ከተነሡባቸው የምዕራብ ዳርቻ መንደሮች አንዷ ናት።

ይሁንና ሕግ ብቻውን ሁሉን አይጠብቅም። በ1966 ደሴቶቹ ከ7 ሚሊዮን ያርድ በላይ ሸምነው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፋሽን ሲለወጥ ሥራው እያሽቆለቆለ ሄደ። በ2006 አንድ ከዮርክሻየር የመጣ ባለሀብት ዋናውን ፋብሪካ ገዛና ከ8 ሺህ በላይ የነበሩትን ጥለቶች ወደ 4 አወረዳቸው። አልሠረቀም፣ ሕግም አልጣሰም። አራት ጥለት ለሥራው ይቀልላል፣ ሒሳቡ ይስተካከላል ብሎ ነው። ብዙ ሸማኔ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። አካባቢውን ያዳነው ሻውቦስት በሚባል መንደር ተዘግቶ የነበረ ሌላ ፋብሪካ በ2007 በአዲስ ባለቤቶች መከፈቱና ልዩ ልዩ ጥለት መቀበሉ ነው። ማርቲን በ1703 የጻፈው ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ የጥለቱ ብዛት ጌጥ ብቻ አይደለም፣ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ጥለት ሲያንስ የሚቀነሰው ሰው ነው።

ስኮትላንድ በ2009 ብሔራዊ የታርታን መዝገብ ከፍታለች። ማንም ሰው ከፍሎ አዲስ ጥለት ማስመዝገብ ይችላል። ከተማ ያስመዘግባል፣ የእግር ኳስ ክለብ ያስመዘግባል፣ ከሌላ ዓለም መጥቶ እዚያ የኖረ ስደተኛ ማኅበረሰብም የራሱን ያስመዘግባል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ባህሉ ረከሰ ይላል። እኔ አይመስለኝም። ታርታን ከጥንቱም የዘር ሐረግ ምስክር ወረቀት አልነበረም፤ «እዚህ ነው የምኖረው» የሚል ምልክት ነበር። አዲስ መጤው «እዚህ ነው የምኖረው» ቢል ከማርቲን ዘመን ልማድ ጋር ይስማማል እንጂ አይጣላም። መዝገቡ ላይ የሚጎድለኝ ሌላ ነገር ነው። ጥለቱን ያወጣው ሰው ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ የክሩ ቁጥር አለ፤ የሚሸምነው ሰው ግን የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው ታርታን ዛሬ በፋብሪካ የሚወጣ ነውና መዝገብ የሚጠብቀው ንድፉን ነው። ሃሪስ ላይ ያለው ሕግ ግን የሚጠብቀው ሠራተኛውንና መንደሩን ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስለዚህ የትም አገር ስለ ባህላዊ ጥበብ በዓል ሲደገስ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሸማኔው ከሥራው ይኖራል ወይ? የሚሠራው በገዛ ቀዬው ነው ወይ? የጥለቱን ልክ የሚወስነው እርሱ ነው ወይስ ሌላ? ለሦስቱም አዎ ከተባለ በዓሉ ባይኖርም ባህሉ አለ። ለሦስቱም አይደለም ከተባለ፣ ንጉሥ ቢለብሰውም ታሪኩ የግሌንጋሪ ታሪክ ነው።

እነዚያ በእንጨት ላይ የክር ቁጥር ይመዘግቡ የነበሩ ሴቶች፣ ማርቲን የአንዳቸውንም ስም አልጻፈም። በእነርሱ ጥለት ላይ የጎሳ፣ የንጉሥና የድርጅት ስም ተደራረበ። ሃሪስ ላይ ግን የፔይዝሊ እኅቶች ስም ይታወቃል፣ የማካይም ስም ይታወቃል። ሦስት መቶ ዓመት ፈጅቷል እንጂ፣ ሸማኔው ስም አግኝቷል።